«መምህር፣ የላኩልን ሞጁል ባዶ ነው»

መምህር ዘወሎ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። አንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎቼ ከየወረዳው ስለሚመጡ ሞጁሉንም፣ መልመጃውንም፣ የቀረጽኩትን ማብራሪያም የማደርሳቸው በቴሌግራም ነው። እስካለፈው ሳምንት ድረስ በዚህ ነገር ራሴን ጎበዝ አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለኝ። ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠበቀኝና «መምህር፣ የላኩልን ሞጁል እኔ ጋ ባዶ ነው» አለኝ። ሲወርድ ተቋርጦበት ይሆናል ብዬ ድጋሚ ላክሁለት። በማግስቱም «አሁንም ባዶ ነው» አለ። ቢሮ ጠራሁትና ላፕቶፑን እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት። ፋይሉን ከፈተው፤ ማሽኑ በእንግሊዝኛ «ባዶ ሰነድ» የምትል ነገር ተናግሮ ጸጥ አለ። እኔ ደግሞ 112 ገጽ ጽሑፍ ፊት ለፊቴ ይታየኛል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ፋይል ከፍተን፣ ለእኔ ሙሉ ለእሱ ባዶ።

ሞጁሉ ከስድስት ዓመት በፊት የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያው ፋይል ስለጠፋ የታተመውን ስካን አድርገን ነው ፒዲኤፍ ያደረግነው፤ 47 ሜጋ ባይት ነው። ፈልጌ ፈልጌ የሁለት ምዕራፍ የወርድ ፋይል አሮጌ ፍላሽ ላይ አገኘሁና ላክሁለት። ያኛው ደግሞ የባሰ ሆነ፦ ማሽኑ በእንግሊዝኛ ፊደል ይንተባተባል። እኔ ሳየው ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው።

እስካሁን የዘለቀው የክፍል ጓደኛው እያነበበለት ነው። ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።


ጆሮ ጠገብ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

መምህር፣ ተማሪዎ ትክክል ነው፤ ፋይሉ ባዶ ነው። ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶ ነው። እርስዎ ፎቶው ውስጥ ያለውን ፊደል ያነባሉ፣ ስክሪን ሪደሩ (ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም) ግን ፊደል የሚባል ነገር አያገኝም። ስካን ያደረጋችሁት የሞጁሉን ገጽ ይሁን የበግ ፎቶ ለእሱ ልዩነት የለውም።

እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፤ ብሬል የቆጠርኩት ሰበታ መርሐ ዕውራን ነው፣ አሁን በኮምፒዩተር ሥራ እተዳደራለሁ። ተማሪዎ የሚጠቀመው ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር ይመስለኛል። ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ነው፣ ነፃ ነው፣ አማርኛም ያነባል። ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ነው፤ ጆሮ ግን ይለምዳል።

የሁለተኛው ፋይል በሽታ ሌላ ነው፤ የአማርኛ ብቻ በሽታ ነው ማለት ይቻላል። ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒዩተሮች የጋራ ኮድ) የግዕዝን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የሚያደርጉት ማታለል ነበር፦ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ፎንቱ ግን የ«ሀ» ሥዕል ለብሶ ይወጣል። ዓይን ይታለላል፣ ስክሪን ሪደር አይታለልም። የለበሰውን ልብስ ትቶ ውስጡን ያነባል። ዩኒኮድ ከመጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ በድሮው ፎንት የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ሞልቷል።

ለመለየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ጽሑፉን በሙሉ ይምረጡና ፎንቱን ወደ ኤሪያል ይቀይሩት። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ ተማሪዎ ያነበዋል። የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጠላ ሰረዝ ክምር ከሆነ የድሮው ነው። ለዚህ የሚሆኑ መቀየሪያዎች አሉ፤ ግን እያንዳንዱ የድሮ ፎንት የራሱ አቀማመጥ ስለነበረው አንዱን ገጽ ሞክረው ሳያዩ ሙሉውን አይቀይሩ።


ቆፍጣናው — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ይቅርታ አድርጉልኝና ልናገር። እኔም መምህር ነኝ። አራት ኮርስ፣ በአንዱ ክፍል ብቻ 63 ተማሪ፣ የማርመው ወረቀት ኮርኒስ ሊነካ ነው። ለአንድ ተማሪ ብዬ 112 ገጽ ልጻፍ? ጓደኛው እያነበበለት ከሆነ ምን ችግር አለው? ድሮም እንደዚያ ነው የተማሩት፣ ተመርቀውም ዳኛም ጠበቃም የሆኑ አሉ። መተዛዘን ባህላችን ነው።

ደግሞ ኮሌጁ ኮምፒዩተር እንኳ በቅጡ ሳይሰጠን «ሞጁላችሁን አስተካክሉ» ሲባል ሸክሙ ሁልጊዜ መምህሩ ላይ ነው የሚወድቀው።


ጆሮ ጠገብ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ወንድሜ ቆፍጣናው፣ የሸክሙ ነገር እውነት ነው፤ እሱን አልከራከርህም። የ«ጓደኛው ያነብለታል»ን ነገር ግን ከውስጥ ሆኜ ላጫውትህ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የሚያነብልኝ ልጅ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር። ፈተና ሲቃረብ እሱም ያጠናል። ስለዚህ ለእኔ የሚያነብልኝ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ደክሞት፣ እያዛጋ ነው። የግርጌ ማስታወሻ ይዘላል። ሠንጠረዥ ሲደርስ «እዚህ ጋ ሠንጠረዥ አለ» ብሎ ያልፋል። «ምን ይላል?» ብዬ መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ግን ሦስት ጊዜ ከጠየቅሁ አራተኛውን አፍራለሁ። አንድ ቀን ከሚወዳት ልጅ ጋር ተጣልቶ አልመጣም። በማግስቱ ፈተና ነበር። የእሱ ፍቅር የእኔን ውጤት ዝቅ አደረገው። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፣ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም።

አንድ ሰው ያሻውን ገጽ፣ ባሻው ሰዓት፣ ማንንም ሳይለምን አምስት ጊዜ ደጋግሞ ማንበብ መቻሉ እናንተ ልብ የማትሉት ነገር ነው። ውሃ ቧንቧ ያለው ሰው ስለ ውሃ አያስብም።


ላይብረሪዋ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡50

መምህር ዘወሎ፣ 112 ገጽ እንደ አዲስ መጻፍ የለብዎትም። እኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምናደርገውን ልንገርዎት።

ስካኑን ጉግል ድራይቭ ላይ ይጫኑና «በጉግል ዶክስ ክፈት» ይበሉት። ፎቶውን አይቶ ወደ ፊደል ይለውጠዋል፣ አማርኛም ይችላል። ነገር ግን 47 ሜጋ ባይት ይሁን 50፣ እንዲህ ያለ ከባድ ፋይል አይወድም፤ ከ2 ሜጋ ባይት ባይበልጥ ነው የሚመከረው። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ገጽ እየቆረጡ። ገጹ ቀጥ ብሎ፣ ጥላ ሳይኖረው፣ ጥቁሩ ጠቁሮ ነጩ ነጥቶ ስካን ከተደረገ የሚያስገርም ውጤት ይሰጣል። በስልክ ተጋድሞ የተነሣ ከሆነ ግን ድካም ነው።

ከዚያ እርማት ነው። የእኛ ፊደል በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው የሚለያየው፦ «ለ»ን «ሉ»፣ «በ»ን «ቡ» እያደረገ ያስቸግራል። ሠንጠረዥ ሲያይ ደግሞ ይደነብራል። እርማቱን ብቻዎን አይሥሩት፤ እኛ አንዱን ሞጁል ለስምንት ተማሪዎች አከፋፍለን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨረስነው። ለየተማሪው 14 ገጽ ሲደርሰው ጨዋታ ነው። እያረሙ ያነቡታል ደግሞ፤ ሌላ ጊዜ ሞጁል የማይከፍቱ ልጆች ናቸው።


መምህር ዘወሎ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

እግዜር ይስጥልኝ፣ የሁለታችሁንም ሞከርኩ። ፎንቱን ቀየርኩና የሁለቱ ምዕራፍ ጽሑፍ ወዲያው ወደ ዝባዝንኬ ተለወጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ አማርኛ ነው ብዬ የያዝኩት እንግሊዝኛ ኖሯል!

አሁን ያስጨነቀኝ ካርታው ነው። ጂኦግራፊ ያለ ካርታ ምንድን ነው? ሞጁሉ ውስጥ አሥራ አንድ ካርታ አለ። ወርድ ላይ ሥዕሉን በቀኝ ተጭኖ መግለጫ መጻፍ ይቻላል ብለውኝ ለአንዱ «የዓባይ ተፋሰስ ካርታ» ብዬ ጻፍኩለት። ይበቃል?


ጆሮ ጠገብ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

አይበቃም መምህር። «የዓባይ ተፋሰስ ካርታ» የካርታው ስም ነው። ተማሪውን «ምሳ ቀርቧል» ብለው ሳህኑን ባዶ እንደመስጠት ነው።

ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህን ካርታ እዚህ ገጽ ላይ ለምን አስገባሁት? ተማሪው አይቶት ምን እንዲያውቅ ፈልጌ? ያንን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ቀለሙን፣ ክፈፉን፣ የሰሜን ቀስቱን ይተዉት።


መምህር ዘወሎ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

እንዲህ ጻፍኩ፦

«ዓባይ ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ፣ ባሕር ዳር አጠገብ ይወጣል። መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ አቅፎ ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ ሱዳን ይገባል። በቀኝ ክንድ ኮባ አቅፎ እንደያዘ ሰው ነው።»

ለተማሪዬ በስልክ አነበብኩለት። ትንሽ ዝም አለና «መምህር፣ እኔ እኮ ዓባይ ከጣና ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሱዳን የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ» አለኝ። ወዲያው በቴሌግራም፣ ካርታውን ሳላሳይ፣ ለሚያዩት ተማሪዎች «ዓባይ ከጣና ሲወጣ ወደ የት ይሄዳል?» አልኳቸው። አብዛኞቹ «ወደ ምዕራብ» አሉ። ካርታውን ለዓመታት አይተውታል፣ አላነበቡትም። መግለጫውን ለሁሉም ላክሁት።


ጆሮ ጠገብ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ኮባውን ወድጄዋለሁ።

ስለ ሠንጠረዥም አንድ ነገር ልጨምር፣ የጂኦግራፊ ሞጁል ስለሆነ በእርግጠኝነት አለ። የአየር ንብረት ቀጠናዎቹን ሠንጠረዥ አስቡት፦ ቆላ ከ500 እስከ 1500 ሜትር፣ ወይና ደጋ ከ1500 እስከ 2300፣ ደጋ ከዚያ በላይ። ብዙ ሰው ይህን የሚሠራው የባዶ ቦታውን ቁልፍ ደጋግሞ እየተጫነ ነው። ለዓይን ሠንጠረዥ ይመስላል። ለእኔ እንዲህ ይነበብልኛል፦ «ቆላ ወይና ደጋ ደጋ ከ500 ከ1500 ከ2300 እስከ እስከ»። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ፈልግ ቢሉኝ አላገኘውም። የወርድን «ኢንሰርት ቴብል» ተጠቅመው ከሠሩት ግን ማሽኑ «ረድፍ 2፣ ዓምድ 1፣ ወይና ደጋ» እያለ ይመራኛል።

ርዕስም እንዲሁ ነው። ፊደሉን ማወፈርና ማተለቅ ለእኔ ምንም አይደለም። ከ«ስታይል» ውስጥ «ሄዲንግ 1» የሚለውን ሲሰጡት ግን «ኤች»ን በተጫንኩ ቁጥር ከርዕስ ወደ ርዕስ እዘላለሁ። ያለዚያ 112 ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስማት ነው።


ድርብ ሰረዝ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

እኔ አርታኢ ነኝ፣ ጥያቄ አለኝ ለጆሮ ጠገብ። ብዙ ሰው አራት ነጥብ የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ተጭኖ ነው፣ እንዲህ ፦ «፡፡»። ለዓይን «።» ነው የሚመስለው። ጆሮ ላይ ለውጥ አለው?


ጆሮ ጠገብ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ኧረ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነህ! አለው እንጂ። ሁለቱ ሁለት ነጥቦች ለማሽኑ የቃል መለያ እንጂ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይደሉም። ስለዚህ ትንፋሽ አይወስድም፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ከሌላው ጋር እያላተመ ይሮጣል። አንድ ገጽ ሙሉ ያለ ዕረፍት እንደሚያነብ ዲያቆን። «።» ሲኖር ግን ያርፋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ወርድ ላይ ኮንትሮል ኤች፣ በላይኛው ሳጥን «፡፡»፣ በታችኛው «።»፣ ሁሉንም ተካ። በአንድ ጊዜ ስድስት መቶ ቦታ ሲስተካከል ታያለህ።

የአህጽሮቱንም ነገር ከተነሣ አይቀር፦ «ት/ቤት» እኔ ጋ «ት ስላሽ ቤት» ነው። «ጽ/ቤት»፣ «መ/ቤት»፣ «ክ/ከተማ»… የመንግሥት ደብዳቤ ስሰማ ስላሽ የሚባል ሰው የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሆነ ይመስለኛል። ሙሉውን ጻፉት፣ ወረቀት አይደለም፣ ቀለም አያልቅም።

ማሽኑ ይቅር የማይባል ስሕተትም ይሠራል፤ እሱን ማንም አያስተካክለውም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ «ገና በዓሉ» እና «ገና ነው» እኩል ይነበባሉ። «አለ» የተናገረም የሚኖርም ነው። እሱን እኔ ከአውዱ አወጣዋለሁ፣ እናንተም በዓይናችሁ የምታደርጉት ያንኑ ነው።


የሜሪላንዷ — ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9፡00

እዚህ አሜሪካ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ነው የምሠራው። የቆፍጣናውን ንግግር ሳነብ ሳቅሁ፤ የእኛ ፕሮፌሰሮችም ቃል በቃል ያንኑ ነው የሚሉት፣ በእንግሊዝኛ።

እዚህ ሕጉ ጠንከር ያለ ነው። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በ2024 ሚያዝያ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ያወጣው ደንብ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽና የኦንላይን ትምህርት አንድ የታወቀ መለኪያ እንዲያሟላ ያስገድዳል። በዚያ መለኪያ ለምሳሌ የተለመደው ጽሑፍና ከጀርባው ያለው ቀለም ልዩነታቸው ከ4.5 ለ 1 ማነስ የለበትም። ነጭ ላይ በግራጫ የሚጽፍ መምህር ሁሉ ያልፋል ማለት አይደለም።

ሕግ ብቻውን ግን ምን እንደሚያደርግም አይተናል። በርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ በነፃ የለቀቃቸው የትምህርት ቪዲዮዎች ነበሩት። ዋሽንግተን ያለው የጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ሁለት መስማት የተሳናቸው ሠራተኞች «ጽሑፍ የለውም፣ አንረዳውም» ብለው አቤት አሉ፤ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱም በ2016 እውነታቸውን ነው አለ። ዩኒቨርሲቲው ምን አደረገ? በ2017 ከ20,000 በላይ ቪዲዮና ድምፅ ከሕዝብ ዓይን አነሣ። «እናስተካክል» ከማለት «እንዝጋው» ቀለለው። የከሰሱት ሰዎች ተሰደቡ፣ «ለሁላችንም አስዘጋችሁብን» ተባሉ። ጉዳዩ በስምምነት የተቋጨው በ2022 መጨረሻ ነው።

ይህን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም። ሃያ ሺህ ሲከማች ማስተካከል ተራራ ነው፤ አሥራ አንድ ካርታ ግን የአንድ ሳምንት ማታ ነው። መምህር ዘወሎ፣ የድሮውን ሁሉ ካልጨረስኩ አይበሉ። ከነገ ጀምሮ የሚልኩት ትክክል ይሁን፣ የድሮው ቀስ ብሎ ይደርሳል።


ቆፍጣናው — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

እህቴ፣ እናንተ ጋ ቢሮ አለ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው አለ። እኛ ጋ ያ «ቢሮ» እኔ ነኝ። ከክፍል በኋላ፣ ያለ ትርፍ ሰዓት። እንደዚያ ብላችሁ ብታወሩ ይሻላል።


የሜሪላንዷ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ልክ ነህ ወንድሜ። ኮሌጁ አንድ ሰው መመደብ አለበት፤ መምህሩ ብቻውን አይችለውም።


ሕግ አንባቢ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

እኛም ሕግ አለን፣ የሚያነበው ነው የጠፋው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ኢትዮጵያ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው።

ላይብረሪዋ ይበልጥ የሚጠቅማት ግን ሌላው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የማራኬሽ ስምምነት። የቅጂ መብት ያለበትን መጽሐፍ ለዓይነ ስውራንና ማንበብ ለሚቸግራቸው በሚነበብ መልክ ማባዛትን የሚፈቅድ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 ገብታበታለች። «ደራሲው ይከሰናል» እያሉ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የሚፈሩ ቤተ መጻሕፍት አውቃለሁ።


እጅ ይናገራል — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሁላችሁም ስለ ማየት ብቻ አወራችሁ፣ ትንሽ ቦታ ስጡኝ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ።

መምህሩ «የተቀረጸ ማብራሪያ» እልካለሁ ብሏል። መስማት ለተሳነው ተማሪ ያ የድምፅ ፋይል ልክ እንደዚያ ስካን ነው፤ ባዶ ነው። ቢያንስ የሚናገሩበትን ጽሑፍ አብረው ይላኩ። ሳይጽፉ የሚናገሩ ከሆነም ዋናውን ሐሳብ ግማሽ ገጽ ያድርጉት። ረዥም አማርኛ አይጻፉ፤ ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ቋንቋቸው ምልክት ነው፣ የተጻፈው አማርኛ ሁለተኛ ነው። አጫጭር ዓረፍተ ነገር።

ቪዲዮ ከሆነ የግርጌ ጽሑፍ በኖትፓድ መሥራት ይቻላል፦ ተራ ቁጥር፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት፣ ከሥሩ ንግግሩ። ስታስቀምጡት «ዩቲኤፍ 8» የሚለውን መምረጥ እንዳትረሱ። እኔ የመጀመሪያውን ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ አድሬ ጠዋት ስከፍተው አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ጠበቀኝ። አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም።

አንድ ልመና አለኝ ደግሞ። አዳዲስ ቃላቱን ከሁለት ቀን በፊት ላኩልን። «ተፋሰስ» ለሚለው ቃል ምልክት ከሌለን በጣት ፊደል መቁጠር ነው፤ በእኛ የጣት ፊደል ደግሞ እጁ ፊደሉን ይይዝና ለሰባቱ ድምፆች የተለያየ እንቅስቃሴ ያደርጋል። «ተ ፋ ሰ ስ» እያልኩ ስቆጥር መምህሩ ሦስት ወንዝ ተሻግሯል።


ሜጋ ባይት ቆጣሪ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

የዓይንም የጆሮም ችግር የለብኝም፣ የካርድ ችግር ነው ያለብኝ። የርቀት ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ኔትወርኩ ኮረብታ ላይ ሲወጡ በሚመጣበት አገር ነው። ስልክ የቀረጸው ጥርት ያለ ቪዲዮ እንደ ፋይል ሲላክ በደቂቃ ከ100 ሜጋ ባይት ይበልጣል። ያንኑ ንግግር ድምፁን ብቻ በ32 ኪሎ ቢት ቢያደርጉት ግማሽ ሰዓቱ 7 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። 47 ሜጋ ባይት የነበረው ሞጁል ጽሑፍ ሲሆን ስንት ሆነ መምህር? ለዚያ ዓይነ ስውር ወንድሜ ብላችሁ የሠራችሁት ለእኔም ነው የደረሰኝ።


ቀይና አረንጓዴ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

«በቀይ የተጻፉትን ብቻ ሥሩ» የምትሉ መምህራን፣ እኔ ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም። ኮከብ አድርጉበት። አመሰግናለሁ፣ ሌላ የምለው የለኝም።


መምህር ዘወሎ — እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡45

ስለቆየሁ ይቅርታ። በላይብረሪዋ ምክር ዘጠኝ ተማሪ ሰብስቤ፣ ሻይና ዳቦ በራሴ ወጪ (ቆፍጣናው ይመዝግብልኝ)፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሞጁሉን አረምነው። ሠንጠረዦቹን በአዲስ ሠራኋቸው። ከአሥራ አንዱ ካርታ ሰባቱ መግለጫ አግኝቷል። ለሜጋ ባይት ቆጣሪ፦ ጽሑፉ ብቻ 300 ኪሎ ባይት አይሞላም፣ ካርታዎቹን አሳንሼ ጨምሬበት ከ4 ሜጋ አላለፈም።

ቃላት ዝርዝሩን ከፊት አደረግሁት። መስማት የተሳነው ተማሪ በዚህ ዓመት የለኝም፤ ሲመጣ ከምቸኩል ብዬ ነው።

አንድ ያላሰብኩት ነገር። ኢንተርኔት ላላቸው ኤጅ በተባለው ማሰሻ ከፍተው «ሪድ አላውድ» ሲሉት መቅደስና አምሀ የተባሉ የአማርኛ ድምፆች ደህና አድርገው ያነባሉ። ይህን ስነግራቸው በብዛት የተጠቀሙት ዓይናማዎቹ ናቸው። አንዷ ተማሪዬ እንጀራ እየጋገርኩ ምዕራፍ ሦስትን ጨረስኩ አለችኝ።

ተማሪዬ ሞጁሉን ትናንት ማታ ተቀበለ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የድምፅ መልእክት አገኘሁ። ምስጋና ይሆናል ብዬ ከፈትኩት። «መምህር፣ ገጽ 31 ላይ ስለ አፈር መሸርሸር የሚለው አንቀጽ ሁለት ጊዜ ተደግሟል፤ ሁለተኛው ላይ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ይለያል። የቱን ልያዝ?» ይላል። ሄጄ አየሁት። እውነት ነው። ስድስት ዓመት፣ በየዓመቱ ሁለት ክፍል፣ እኔም ጭምር፣ ማንም አላየውም።


ቆፍጣናው — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

እኔም ያንኑ ሞጁል ነው የማስተምረው። አሁን ገጽ 31ን ከፈትኩት።

ያችን የአራት ነጥቧን መቀየሪያ ድገሙልኝ፣ ፋይሉንም ላክልኝ። የሻይና ዳቦው ወጪ ግን ኮሌጁ ይክፈል፤ እዚያ ላይ አልለቅም።